ደንበኛው ፕሮግራም የሆነ ፓኬጅ፦ ላይብረሪ ለሊኑክስ እንዴት ይታሸጋል?

ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም እንዲጫን ስታዙ፣ የጠየቃችሁት አንድ ስም ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ላይ ሃያ ስም ይደረደራል። "እነዚህም አብረው ይጫናሉ፤ ልቀጥል?" ይላችኋል። ብዙዎቹ "ሊብ" ብለው ይጀምሩና በቁጥር ያልቃሉ። ማን ያነባቸዋል? ሁላችንም እሺ ብለን እናልፋለን።

እነዚህ የላይብረሪ ፓኬጆች ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ጀርባ አሻጊ አለ፤ ብዙ ጊዜ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ነው። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ኮዱን ማውረድ፣ ኮምፓይል ማድረግ (ማሽኑ ወደሚረዳው ቋንቋ መለወጥ)፣ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ማስቀመጥ። ለተራ ፕሮግራም ከሆነ እውነትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ላይብረሪ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። የፕሮግራም ደንበኛ ሰው ነው፤ ሲበላሽበት ይጮኻል። የላይብረሪ ደንበኛ ሌላ ፕሮግራም ነው። አሻጊው አይቷቸው የማያውቃቸው ፕሮግራሞች እሱ ያሸገው ነገር ላይ ተደግፈው ቆመዋል። አንዲት ነገር ሲያንቀሳቅስ የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ከዚህ በታች የምታነቡት ሕግና ወግ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ፣ ምንድን ነው የሚታሸገው?

ላይብረሪ ማለት ለብቻው የማይሮጥ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚያሠሩት ኮድ ነው። ዚሊብን እንውሰድ። ዣን-ሉ ጋዪ እና ማርክ አድለር የጻፉት፣ በ1995 የወጣ የመረጃ መጭመቂያ ነው። የፒኤንጂ ምስል የሚከፍተው ሊብፒኤንጂ የሚሠራው በዚሊብ ነው። ጊትም የኮዳችሁን ታሪክ የሚያስቀምጠው በዚሊብ ጨምቆ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን መጭመቂያ ከሚጽፍ፣ ሁሉም ዲስክ ላይ ያለችውን አንዲት የዚሊብ ፋይል ይጋራሉ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ሎደር የሚባለው የሲስተሙ ክፍል ፋይሏን ፈልጎ ያገናኛቸዋል።

ዲስትሮ የሚባለው ደግሞ ይህንን ሁሉ አስማምቶ የሚያቀርበው ነው፦ ደቢያን፣ ፌዶራ፣ አርክ፣ ኡቡንቱና ሌሎችም። ደቢያን 12 በ2023 ሲወጣ ከ64,000 በላይ ፓኬጆች ነበሩት። ይህን ያህል ፓኬጅ አንድ ላይ የሚያስኬደው በመካከላቸው ያለው ስምምነት ነው።

አሻጊው በእጁ የሚጽፈው ነገር ራሱ ያን ያህል ረጅም አይደለም። ደቢያን ላይ አንድ ፎልደር ነው። ውስጡ ያለው "ኮንትሮል" የተባለ ፋይል ፓኬጁ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ይናገራል፤ "ሩልስ" እንዴት እንደሚሠራ፣ "ቼንጅሎግ" ምን እንደተለወጠ፣ "ኮፒራይት" በምን ፈቃድ እንደወጣ። ፌዶራ ይህንን ሁሉ "ስፔክ" በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ያደርገዋል። አርክ ደግሞ "ፒኬጂቢልድ" በሚባል አጭር የሼል ስክሪፕት ይጨርሰዋል። ቅርጹ ቢለያይም የሚመልሱት ጥያቄ ያው ነው፦ ኮዱ ከየት መጣ? ለመገንባት ምን ይፈልጋል? ሲሮጥስ? የቱ ፋይል የት ይቀመጣል?

መልሱ እውነት መሆኑ የሚፈተነው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ደቢያን ኤስቢልድ፣ ፌዶራ ሞክ የሚባሉ መሣሪያዎች አሏቸው። ምንም ያልተጫነበት ንጹህ ሲስተም ይፈጥራሉ፣ አሻጊው የዘረዘራቸውን ነገሮች ብቻ ያስገባሉ፣ ከዚያ ይገነባሉ። ኢንተርኔት የለም። ግንባታው መሃል ላይ "ቆይ አንድ ነገር ላውርድ" የሚል ላይብረሪ እዚያው ይወድቃል። "እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል" የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም፤ ላፕቶፑ ላይ ከሦስት ዓመት በፊት ተጭኖ የተረሳ ነገር ይኖራል።

ሦስት ስም፣ አንድ ፋይል

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። ዚሊብ 1.3.1 ኮድ ለሚጽፉ ከተዘጋጀው ተጨማሪ ፓኬጁ ጋር የተጫነበት የደቢያን ማሽን ላይ የላይብረሪ ፎልደሩን ብትከፍቱ፣ ለአንዲት ላይብረሪ ሦስት ስም ታገኛላችሁ።

አንደኛው "ሊብዜድ.ኤስኦ.1.3.1" ነው። እውነተኛው ፋይል ይህ ነው፣ ኮዱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ሁለተኛው "ሊብዜድ.ኤስኦ.1" ወደ መጀመሪያው የሚጠቁም ማያያዣ ነው። ሦስተኛው "ሊብዜድ.ኤስኦ" ምንም ቁጥር የለውም፤ እሱም ማያያዣ ነው።

ሦስቱም የየራሳቸው ጠያቂ አላቸው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ኮምፓይል ሲያደርግ "ዚሊብን አገናኝልኝ" ይላል እንጂ ቁጥር አይጠራም። ፕሮግራሙን ከላይብረሪው ጋር የሚያያይዘው መሣሪያ፣ ሊንከሩ፣ ቁጥር የሌለውን ስም ይፈልጋል። ፋይሉን ከፍቶ ሲያይ ውስጡ የተጻፈ ሌላ ስም ያገኛል፦ "ሊብዜድ.ኤስኦ.1"። ይህ ውስጣዊ ስም ሶኔም ይባላል። ሊንከሩ አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ የሚጽፈው ይህንን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ሎደሩን "ሊብዜድ.ኤስኦ.1 የታለ?" ብሎ ይጠይቃል። 1.2.11 ይሁን 1.3.1 ግድ የለውም። 1 ከሆነ ይበቃዋል።

እንግዲህ ያቺ አንዲት ቁጥር ቃል ኪዳን ናት። "በዚህ ቁጥር ስር እስካለሁ ድረስ፣ ትናንት ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ዛሬም ሳይነካ ይሠራል" ትላለች። ዚሊብ ይህንን ቃል ለአሥርተ ዓመታት ጠብቆ ዛሬም 1 ላይ ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በየወጣው እትም ሶኔሙን የሚቀይር ላይብረሪ ሞልቷል። ቃሉን የሚያፈርሰውንና ቁጥሩን ግን የማይቀይረውን የገጠመው አሻጊ ደግሞ እንቅልፍ ያጣል።

ፓኬጁ ለሁለት የሚከፈለው በዚሁ ምክንያት ነው። ደቢያን ላይ "ዚሊብ1ጂ" የሚባለው ፓኬጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፋይሎች ይዟል፤ ፕሮግራም ለማሮጥ ከበቂ በላይ ነው። "ዚሊብ1ጂ-ዴቭ" ደግሞ ቁጥር የሌለውን ማያያዣና ሄደር ፋይሎቹን (ላይብረሪው ምን ምን እንደሚያቀርብ ለኮምፓይለሩ የሚነግሩትን) ይዟል፤ የሚያስፈልገው ኮድ ለሚጽፍ ብቻ ነው። ፌዶራ ሁለተኛውን "ዴቨል" ይለዋል። ኮምፓይል ስታደርጉ "ሄደር ፋይሉ የለም" የሚል ስህተት ገጥሟችሁ፣ ላይብረሪው ተጭኖ ሳለ እንዴት የለም ትላለህ ብላችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር ከተጣላችሁ፣ ጉዳዩ ይሄ ነው። ዴቭ የሚለውን ጫኑት።

የስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው "ጂ" የምን ናት? ሊኑክስ ከአሮጌው የሲ ላይብረሪ ወደ ጂሊብሲ ሲሻገር ሁለቱን ለመለየት የተጨመረች ናት። ሽግግሩ ያለቀው በ1990ዎቹ ነው። ስሙን መቀየር ግን ዚሊብ ላይ የተደገፉትን ሁሉ መነካካት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጂ እዚያው ቀረች። የፓኬጅ ስሞች ጠባሳ አይደብቁም።

ሌላም ጠባሳ አለ፣ ይህን እወደዋለሁ። ደቢያን ለዚሊብ የሰጠው አንድ የእትም ቁጥር "1.3.ዲኤፍኤስጂ+ሪሊ1.3.1" ይላል። "በእውነት 1.3.1 ነው" እንደማለት ነው። ቀድሞ የነበረው "1.3.ዲኤፍኤስጂ" ነበር፤ ተቀጥያዋ ኮዱ በደቢያን የነጻ ሶፍትዌር መመሪያ መሠረት እንደተስተካከለ ትናገራለች። ችግሩ፣ የደቢያን ማወዳደሪያ ደንብ ፊደል ያለበትን ከ1.3.1 ይበልጣል ብሎ ይቆጥረዋል። አዲሱ እትም ከአሮጌው ያነሰ ከመሰለ ደግሞ ማንም ማሽን አፕዴት አያደርገውም። የእትም ቁጥር ወደ ኋላ አይሄድም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት አስቀያሚ ስም ይወጣል፣ ሁሉም እየሳቀ ይቀጥላል።

ቃሉ የሚፈርሰው እንዴት ነው?

"ፕሮግራሞች የሚጠሯቸውን ፈንክሽኖች ስም ካልቀየርኩ ምን ይበላሻል?" የሚል አለ። ብዙ ነገር።

አንድ የምስል ላይብረሪ አለ እንበል። ስለ ምስሉ መረጃ የሚይዝበት ስትራክት አለው፦ መጀመሪያ ስፋት፣ ቀጥሎ ቁመት፣ እያንዳንዳቸው 4 ባይት። ኮምፓይለሩ "ቁመት" የሚለውን ስም ፕሮግራሙ ውስጥ አይጽፍም። "ከመነሻው 4 ባይት አልፈህ አንብብ" ብሎ ነው የሚጽፈው። አሁን የላይብረሪው ዴቨሎፐር በሁለቱ መሃል "ቀለም" የሚባል አዲስ ቦታ ጨመረ። ስሞቹ እንዳሉ ናቸው፣ ሶርስ ኮዱ ሲታይ ምንም የጠፋ የለም። አሮጌው ፕሮግራም ግን አሁንም 4 ባይት አልፎ ያነባል። የሚያገኘው ቀለሙን ነው፣ ቁመት መስሎት ይሠራበታል። መብራት በጠፋበት ቤት ውስጥ እርምጃ ቆጥሮ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ሌሊት ግድግዳውን አዛውረውበት እሱ ዛሬም አራት ቆጥሮ ይታጠፋል።

"እሺ መጨረሻው ላይ ልጨምረው" ትላላችሁ። እሱም ወጥመድ አለው። ፕሮግራሙ ስትራክቱን የሚያስቀምጥበትን ሜሞሪ ራሱ ያዘጋጀ ከሆነ፣ 8 ባይት ብቻ ነው ያዘጋጀው። አዲሱ ላይብረሪ 12 ባይት ይጽፍበታል። የቀሩት 4 ባይቶች የሚያርፉት ጎረቤት ላይ ነው። ፕሮግራሙ እዚያው ላይወድቅ ይችላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ከምስል ጋር ምንም የማይገናኝ ቦታ ላይ ይሞታል። ወንጀለኛውን ፈልጉት ቢባል ማን ያገኘዋል?

ዚሊብ ለዚህ አንድ ብልሃት አለው። ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር የሚጠራው ፈንክሽን፣ ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ የነበረውን የእትም ቁጥርና የስትራክት መጠን በስውር አብሮ ያቀብላል። ላይብረሪው መጠኑ ከሱ ጋር ካልተስማማ "የእትም ስህተት" ብሎ ይመልሳል። በ1990ዎቹ የተጻፈ ኮድ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ማግኘት ደስ ይላል።

ሌሎች ላይብረሪዎች ሁሉ እንዲህ ጠንቃቃ ስላልሆኑ አሻጊው በራሱ መንገድ ይጠብቃል። ደቢያን ላይ "ሲምቦልስ" የሚባል ፋይል አለ። ላይብረሪው ለውጭ የሚያቀርባቸው ስሞች በሙሉ፣ እያንዳንዱ ከየትኛው እትም ጀምሮ እንዳለ ተጽፎ ይቀመጥበታል። አዲስ እትም ሲገነባ መሣሪያው ያወዳድራል። አንድ ስም ከጠፋ ግንባታው ይቆማል። ይኸው ፋይል ለጥገኝነትም ያገለግላል። ፕሮግራማችሁ የሚጠራው አዲሱ ፈንክሽን በ1.2.9 የመጣ ከሆነ፣ ፓኬጁ "ከ1.2.9 ያላነሰ ዚሊብ እፈልጋለሁ" የሚል መስመር በራሱ ጊዜ ይጻፍለታል። ፌዶራ ላይ ደግሞ የፓኬጅ መሣሪያው አርፒኤም ሶኔሞቹን ከፋይሎቹ አንብቦ ማን ለማን እንደሚያስፈልግ ያገናኛል። ሲምቦልስ ግን የጠፋ ስም እንጂ የተዛወረ ግድግዳ አያይም። ለሱ ሌላ የማወዳደሪያ መሣሪያና የሰው ዓይን ያስፈልጋል።

የግድ መፍረስ ሲኖርበት ሶኔሙ ይቀየራል፣ የፓኬጁም ስም አብሮ ይቀየራል። የ1 የነበረው 2 ይሆናል። አሮጌውና አዲሱ ፋይሎች በስም ስለማይጋጩ ጎን ለጎን ሊጫኑ ይችላሉ። ከዚያ በአሮጌው ላይ የተደገፈው ፕሮግራም ሁሉ አንድ በአንድ በአዲሱ እንደገና ኮምፓይል ይደረጋል። ይህ ትራንዚሽን ይባላል። አንዱ ፕሮግራም እምቢ ካለ ሁሉም ይጠብቀዋል።

ትልቁን ለማየት የ2024ቱን ደቢያን ተመልከቱ። በ32 ቢት ማሽኖች ላይ ሰዓት የሚቆጠርበት ቁጥር በጃንዋሪ 19፣ 2038 ሞልቶ ይፈሳል። መፍትሔው ቁጥሩን 64 ቢት ማድረግ ነው። ግን ሰዓት ያለበት ስትራክት ሁሉ መጠኑ ይቀየራል፤ ከላይ ያየነው ግድግዳ በመቶዎች በሚቆጠሩ ላይብረሪዎች ውስጥ በአንድ ጊዜ ተዛወረ ማለት ነው። የላይብረሪዎቹ ደራሲዎች ሶኔሙን አልቀየሩም፤ ስለዚህ ደቢያን የፓኬጆቹን ስም ቀየረ። "ሊብኤስኤስኤል3" የነበረው "ሊብኤስኤስኤል3ቲ64" ሆነ። ዛሬ ማሽናችሁ ላይ በ"ቲ64" የሚያልቁ ስሞች ካያችሁ የመጡት ከዚያ ነው። የ64 ቢት ኮምፒውተር ላይ ምንም የተለወጠ ነገር ሳይኖር ስሙ ግን ተቀይሯል፤ የፓኬጅ ስም ለሁሉም የማሽን ዓይነት አንድ ነውና።

አንድ ቅጂ ብቻ የሚሉት ለምንድን ነው?

ብዙ ዴቨሎፐሮች ይህንን ሁሉ ጣጣ ሲያዩ "የላይብረሪውን ኮድ ኮፒ አድርጌ ፕሮጀክቴ ውስጥ ብጨምረውስ?" ይላሉ። አሻጊዎች ይህንን አጥብቀው ይጠሉታል። ያገኙትን የተቀዳ ላይብረሪ ነቅለው አውጥተው ፕሮግራሙን ከሲስተሙ ላይብረሪ ጋር ያገናኙታል። ግትርነት ይመስላል። ግን በማርች 2002 የሆነውን ያየ ይረዳቸዋል።

ያኔ ዚሊብ ውስጥ ከባድ የደህንነት ክፍተት ተገኘ። አንድን የሜሞሪ ቦታ ሁለት ጊዜ የሚለቅ ስህተት ነበር። 1.1.4 ወጣ፣ ዲስትሮዎቹ ዚሊብን አደሱ። የተጋሩት ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ዳኑ። ግን ኮዱን ለራሳቸው የቀዱ ነበሩ። ፋይል የሚያመሳስለው አርሲንክ የራሱ ቅጂ ነበረው። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ ቅጂ ነበረው። እያንዳንዱ ተፈልጎ፣ ተገኝቶ፣ ለየብቻው መጠገን ነበረበት።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2014፣ ኢንተርኔት ላይ የሚላከውን መረጃ በሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ክፍተት ይፋ ሆነ። እዚህ ላይ የአሻጊውን ሥራ ሌላ ገጽታ እናያለን። ክፍተቱ የተደፈነው በ1.0.1ጂ ነው። በጊዜው የደቢያን የተረጋጋ እትም የያዘው ግን 1.0.1ኢን ነበር። ደቢያን ወደ 1.0.1ጂ አልዘለለም። ጥገናውን ብቻ ከአዲሱ ነቅሎ አሮጌው ላይ ተከለው፣ "1.0.1ኢ-2+ዴብ7ዩ5" ብሎ አወጣው። ምክንያቱ የተለመደው ነው፤ አዲስ እትም ጥገና ብቻ ይዞ አይመጣም፣ ሌላ ለውጥም ይጨምራል፣ ማን እንደሚወድቅ አይታወቅም። የእትም ቁጥር ብቻ አይተው "ሰርቨርህ አሁንም ተጋላጭ ነው" የሚሉ መመርመሪያዎች ግን ብዙ ሰው አስደንግጠዋል። ከሰረዙ በኋላ ያለችውን አያነቡም።

ላይብረሪው ስለታደሰ ብቻ ነገሩ አያልቅም፤ ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀድሞ የተነሳ ፕሮግራም አሮጌውን ፋይል ሜሞሪ ውስጥ እንደያዘ ነው። ሪስታርት ካልተደረገ አዲሱን አያይም። "ኒድሪስታርት" የሚባል ትንሽ መሣሪያ የትኞቹ እንደቀሩ ይነግራችኋል።

አሻጊው ሲሳሳት፣ አሻጊው ሲታለል

ዲስትሮዎች ኮዱን እንዳለ አይወስዱም። የፋይል ቦታ ያስተካክላሉ፣ ባግ ያርማሉ፣ አንዳንዴ ከደራሲዎቹ ቀድመው ይጠግናሉ። እነዚህ ፓች የሚባሉ ለውጦች ናቸው። በ2006 የደቢያን ኦፕንኤስኤስኤል ላይ አንድ ፓች ገባ። ቫልግሪንድ የሚባለው የሜሞሪ መመርመሪያ ያማርር ነበር፤ ሁለት የኮድ መስመሮች እንዳይሠሩ ተደረጉ። ማስጠንቀቂያው ጠፋ። አብሮት ግን የዘፈቀደ ቁጥር የሚመነጭበት ምንጭ ደረቀ። የቀረው የፕሮሰስ መለያ ቁጥር ብቻ ነበር፣ እሱም እስከ 32,768 ብቻ ነው የሚደርሰው። በዓለም ዙሪያ በደቢያንና በኡቡንቱ ማሽኖች ላይ የተፈጠሩ ቁልፎች በግምት ሊደረስባቸው የሚችሉ ሆኑ። ነገሩ ይፋ የሆነው በሜይ 2008 ነው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል።

ከዚያ ወዲህ ጥሩ አሻጊ ፓቹን ለራሱ አያስቀርም። ለደራሲዎቹ ይልካል፣ ለምን እንዳስፈለገ ፓቹ ራስጌ ላይ ይጽፋል። ባልገባህ ኮድ ላይ ማስጠንቀቂያ ለማጥፋት ብለህ እጅህን አታስገባ የሚለው ደግሞ ሳይጻፍ የታወቀ ሕግ ሆኗል።

የ2024ቱ የኤክስዜድ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እዚህ ጥፋቱ ሆን ተብሎ የተጠመደ ነው። ኤክስዜድ ሌላ የመጭመቂያ ላይብረሪ ነው። በሐሰት ስም የሚሠራ ሰው ለዓመታት በትጋት ኮድ እያበረከተ አመኔታ አገኘ፣ በመጨረሻም እትም የማውጣት ሥልጣን ተሰጠው። 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ስውር ሰርጎ መግቢያ፣ ከተተ። ተንኮሉ የተቀመጠበት ቦታ አሻጊዎችን በቀጥታ ይመለከታል። በሩን የሚከፍተው ስክሪፕት ሰው ሁሉ ኮዱን በሚያይበት ጊት ላይ አልነበረም፤ ለአሻጊዎች በተዘጋጀው ታርቦል (የተጠቀለለ የኮድ ፋይል) ውስጥ ብቻ ነበር። ስክሪፕቱ ከመንቃቱ በፊት "አሁን የሚሠራው የዴብ ወይም የአርፒኤም ፓኬጅ ነው?" ብሎ ያጣራ ነበር። ማንም ሰው ለራሱ ኮምፓይል ቢያደርገው አይነቃም።

ዒላማው ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር ውስጥ ለመግባት የሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤች ነበር። ኦፕንኤስኤስኤች ራሱ ኤክስዜድን አይጠቀምም። ደቢያንና ፌዶራ ግን የሲስተሙን አገልግሎቶች ከሚያስነሳው ከሲስተምዲ ጋር እንዲግባባ ብለው ፓች ጨምረውበታል፤ የሲስተምዲ ላይብረሪ ደግሞ የኤክስዜድን ይጠራል። ጥገኝነት በጥገኝነት ተንጠላጥሎ ደረሰ። ያጋለጠው የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ዴቨሎፐር የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። የኤስኤስኤች መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱ አላስችለው ብሎ ሲቆፍር አገኘው። በማርች 29 ይፋ ሲያደርገው፣ እትሞቹ ደቢያን ውስጥ ገና የሙከራ ቅርንጫፎች ላይ ነበሩ፤ ወደ ተረጋጉት የደቢያን እትሞች አልገቡም። ብዙ ሰው "ደቢያን ሁልጊዜ አሮጌ ነገር ነው የሚሰጠን" ብሎ ያማርራል። ያን ሳምንት ያማረረ አላየሁም።

ስለ ፈቃድም አንድ ነገር ልበል፣ በአጭሩ። እያንዳንዱ ፋይል በማን፣ በምን ፈቃድ እንደተጻፈ መዘርዘር አሰልቺው ክፍል ነው። ደቢያን ውስጥ አዲስ ስም ያለው ፓኬጅ ሁሉ "ኒው" በሚባለው ወረፋ ገብቶ በሰው ይታያል፤ ሶኔም ሲቀየር የሚወጣው አዲስ ስምም እዚያ ያልፋል። ላይብረሪ ላይ ፈቃዱ ወደ ሌላው ይጋባል። ኦፕንኤስኤስኤል እስከ 2021 የያዘው አሮጌ ፈቃድ ብዙ ነጻ ፕሮግራሞች ከሚወጡበት ከጂፒኤል ፈቃድ ጋር ስለማይስማማ፣ ስንት ፕሮግራም በሌላ ላይብረሪ እንዲገነባ ተገዷል። በ3.0 ወደ አፓቼ 2.0 ሲሄድ ነው ነገሩ የላላው፣ ሙሉ በሙሉም ባይሆን።

ፓይተን፣ ጎ እና ረስት ሲመጡ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሲ ዓለም ነው። አዳዲሶቹ ቋንቋዎች የራሳቸው ፓኬጅ አውራጅ ይዘው መጡ፤ ፀቡም መጣ። ፓይተንን እንይ። ደቢያን 12 ላይ የፓይተን አውራጅ በሆነው በፒፕ ቀጥታ ልትጭኑ ስትሞክሩ "ይህ አካባቢ በሌላ አካል ነው የሚተዳደረው" የሚል ስህተት ይመጣል። ብዙ ሰው ይናደዳል፣ አስገዳጁን ፍላግ ጨምሮ ያልፋል። አታድርጉት። የሲስተሙ የራሱ መሣሪያዎች በዚያው ፓይተን ነው የሚሮጡት። ፒፕ አንዱን ላይብረሪ ከፍ ካደረገው የወደቀው መሣሪያ የናንተ ፕሮጀክት አይደለም፣ የሲስተሙ ነው። ለፕሮጀክታችሁ ከሲስተሙ የተለየ የራሱ ክልል፣ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት፣ ፍጠሩና እዚያ እንደፈለጋችሁ ሁኑ።

ጎ እና ረስት ላይ የተለየ ነው። ላይብረሪዎቹ ፕሮግራሙ ውስጥ ተጋግረው ነው የሚወጡት፣ የሚጋራ ፋይል የለም። ደቢያን ስለዚህ የረስትና የጎ ላይብረሪዎችን በሶርስ ኮድነታቸው ነው የሚያሽገው። ሶኔም የለ፣ ጣጣ የለ። ግን አንዱ ላይብረሪ ክፍተት ሲገኝበት እሱን ማደስ ብቻ አይጠቅምም፤ ውስጣቸው የያዙት ፕሮግራሞች በሙሉ እንደገና መገንባት አለባቸው። የ2002ቱ ዚሊብ በሌላ በር ተመለሰ እላለሁ እኔ። የማይስማሙ ሰዎች አሉ፤ የዛሬ ማሽኖች እንደገና መገንባትን ቀላል አድርገውታል ይላሉ። እሱም እውነትነት አለው።

ልሞክረው ለሚል፣ ከባዶ አይጀምር። ደቢያን ውስጥ "ወላጅ አልባ" የተባሉ፣ አሻጊያቸው የተዋቸው ፓኬጆች ዝርዝር አለ። ከነሱ አንዱን ይምረጥ። ኮዱን ከማየቱ በፊት "አፕት-ካሽ አርዴፔንድስ" በሚለው ትእዛዝ ማን በላዩ ላይ እንደተደገፈ ይይ። ሦስት አራት ፕሮግራም ከሆነ ለመማሪያ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ያለፉትን እትሞች ከፍቶ ሶኔሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ይቁጠር። በየእትሙ የሚቀየር ከሆነ ትቶት ሌላ ይፈልግ።